ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት እናጥና?

«ስንት ቃል ብሸመድድ ይበቃኛል?» ለፈተና ከሚዘጋጁ ተማሪዎች በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ከፈተናው በኋላ ደግሞ ሌላው ይከተላል፦ «ቃሉን አጥንቼው ነበር፣ መጣ፣ ግን ተሳሳትኩ። ለምን?»

የሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውንም ይመልሳል። ቃሉን የያዛችሁት ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር ብቻ ነው። ፈተናው ግን ፍቺ አያስቆጥርም። አራት ተቀራራቢ ቃላት ደርድሮ «እዚህ ቦታ የሚገባው የቱ ነው?» ይላል። ስለዚህ ሺህ ቃል ላይ ላዩን ከማወቅ አራት መቶውን ከነባህሪው ማወቅ ያዋጣል። አሠራሩን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው። እናንተ ካርዳችሁ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ታያላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ሎንግማንና ሜሪያም ዌብስተር እንዲህ ዓይነቱን ያዘጋጃሉ። ተራው መዝገበ ቃላት ከባዱን ቃል በሌላ ከባድ ቃል ይፈታና ያደክማችኋል።
- ባዶ ካርዶች ወይም እኩል የተቆረጠ ወረቀት። በስልክ የሚመቻችሁ አንኪ የሚባለውን የካርድ ማጥኛ መተግበሪያ ተጠቀሙ።
- ካርዶቹን የምትለዩበት 5 ኤንቨሎፕ ወይም ትንንሽ ሣጥን። አንኪ ከያዛችሁ አያስፈልግም።
- የምትፈተኑት ፈተና አዘጋጅ ራሱ ያወጣው የልምምድ ፈተና። ለምሳሌ የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ለሆነው ኤስኤቲ፣ አዘጋጁ ኮሌጅ ቦርድ ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያው በነጻ ይሰጣል።
- አንድ የስህተት ደብተር።
- በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ለ3 ወር ያህል።

ደረጃ 1፦ ፈተናችሁ ቃልን እንዴት እንደሚጠይቅ ለዩ

ከማጥናታችሁ በፊት አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ውሰዱ። ቃል ነክ ጥያቄዎችን በሙሉ አክብቡና ዓይነታቸውን እዩ። ተመሳሳይ ወይም ተቃራኒ ፍቺ የሚጠይቅ ነው? ባዶ ቦታ የሚያስሞላ ነው? ወይስ ቃሉ በምንባቡ ውስጥ ምን ለማለት እንደገባ የሚጠይቅ?

ለምሳሌ የአሁኑ ኤስኤቲ ነጠላ ቃል አውጥቶ ፍቺውን አይጠይቅም። ከ25 እስከ 150 ቃላት ያላት አጭር ጽሑፍ ይሰጣችሁና አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል። ወይም አንድ ቃል አስምሮበት እዚያ ቦታ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና ዝርዝር መሸምደድ ብዙም አይረዳም። ተመሳሳይና ተቃራኒ የሚጠይቅ ፈተና ላይ ግን ፍቺና ተቀራራቢ ቃላት የበለጠ ክብደት አላቸው። የጥናት ሰዓታችሁን የምታከፋፍሉት በዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የምታጠኑትን ቃል ምረጡ

ሁለት ምንጭ ይበቃችኋል። አንደኛው የራሳችሁ የልምምድ ፈተና ነው፤ ጥያቄውን፣ ምርጫዎቹን፣ ምንባቡን ሁሉ። ሁለተኛው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር የሚባለው፣ በትምህርታዊ ጽሑፎች በብዛት የሚገኙ ቃላት ስብስብ ነው። ይህን የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው ሲሆን 570 የቃላት ቤተሰቦች፣ ማለትም አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር፣ አሉት። በ10 ንዑስ ዝርዝር ተከፍሏል፤ በብዛት የሚያጋጥሙት መጀመሪያ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ።

አሁን በዝርዝሩ ላይ እለፉና እያንዳንዱን ቃል ከሦስቱ በአንዱ ምልክት አድርጉበት፦ «አውቀዋለሁ»፣ «የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ»፣ «አላውቀውም»። አውቀዋለሁ ያላችሁት ቃል በዚያው ቅጽበት ዓረፍተ ነገር ካልሠራችሁበት ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይውረድ። እዚህ ላይ ራስን ማታለል ቀላል ነው።

መጀመሪያ የምታጠኑት መካከለኛውን ረድፍ ነው። ፈተና ላይ የሚያሳስተው ጭራሽ የማታውቁት ቃል አይደለም፤ እሱን ትጠነቀቁታላችሁ። የሚያሳስተው ግማሹን የምታውቁት ነው። በዚያ ላይ ግማሹ መንገድ ስለተሄደ ቶሎ ይያዛል።

ደረጃ 3፦ ካርዱን በደንብ ሥሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄኛው ነው። ካርዱ ቀሽም ከሆነ ሺህ ጊዜ ብትከልሱትም ያው ቀሽም ነገር ነው የምትይዙት።

ከፊት ለፊት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ያለበትን አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቃሉን አስምሩበት። ከጀርባ አምስት ነገር ይኑር፦

ሀ. በራሳችሁ አባባል የተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ፍቺ።
ለ. የአማርኛ ፍቺ፣ ከሁለት ቃል ሳይበልጥ።
ሐ. ስሜቱ፦ አዎንታዊ ከሆነ +፣ አሉታዊ ከሆነ −፣ ገለልተኛ ከሆነ 0።
መ. ጎረቤቶቹ፣ ማለትም አብረውት የሚሄዱ ሁለት ሦስት ቃላት።
ሠ. የማይሆነው ነገር፦ ከእሱ ጋር ሊምታታ የሚችል ቃልና ልዩነታቸው።

«ሚቲጌት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የፊት ለፊቱ ዓረፍተ ነገር «የመንገድ ዳር ዛፎች የከተማን ሙቀት ሚቲጌት ያደርጋሉ» የሚል ሐሳብ ያለው እንግሊዝኛ ይሁን። ከጀርባ፦ የመጥፎ ነገርን ጉዳት ማቃለል፣ ማለዘብ። ስሜቱ +። ጎረቤቶቹ «ሪስክ»፣ «ዳሜጅ»፣ «ኢፌክትስ» ናቸው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ መጥፎ ነገር ነው ማለት ነው። ደስታን ሚቲጌት አናደርግም። የማይሆነው ደግሞ «ኢሊሚኔት» ነው። ኢሊሚኔት ፈጽሞ ማጥፋት ነው፣ ሚቲጌት ግን ችግሩ ይቀራል፣ ክብደቱ ይቀንሳል። ፈታኞች ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይወዳሉ። ጽሑፉ «ችግሩ ሙሉ በሙሉ ባይወገድም» የሚል ፍንጭ ካለው መልሱ የትኛው እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። «ማቃለል» የሚለውን ብቻ የሸመደደ ሰው ግን ይዋልላል።

ስሜቱን የማስጽፋችሁም ለዚሁ ነው። «ፐርሲስተንት» እና «ኦብስቲኔት» ሁለቱም ተስፋ የማይቆርጥ ሰውን ይገልጻሉ። የመጀመሪያው ጽኑ ነው፣ ሁለተኛው ግትር። «ፍሩጋል» ቆጣቢ ነው፣ «ማይዘርሊ» ቋጣሪ። ደራሲው ሰውየውን እያደነቀ ነው ወይስ እየወቀሰ? ብዙ ጊዜ ይህን ብቻ ማወቅ ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን ያስወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰው ካርድ አውርዳችሁ አትጀምሩ። ካርዱን መሥራት ራሱ ጥናት ነው። በተረፈ ግን የተዘጋጁ ጥቅሎች ውስጥ «ተመሳሳይ» ተብለው የተደረደሩት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የደረጃና የስሜት ልዩነት አላቸው።

ደረጃ 4፦ አራርቃችሁ ከልሱ

በቀን 8 አዲስ ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን። ይህ 40 ቃል ነው። ስድስተኛው ቀን ክለሳ ብቻ፣ ሰባተኛው ቀን ራስን መፈተኛ። በ10 ሳምንት 400 ይሞላል። ቀሪዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ቃል የላቸውም። 400 ትንሽ ከመሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ከነቤተሰቡ እንደሚያዝ አስቡ፤ «ሚቲጌት» ሲያዝ «ሚቲጌሽን» እና «አንሚቲጌትድ» አብረው ይመጣሉ።

ሣጥኖቹ እንዲህ ይሠራሉ፦

- ሣጥን 1 በየቀኑ
- ሣጥን 2 በየ2 ቀኑ
- ሣጥን 3 በየ4 ቀኑ
- ሣጥን 4 በሳምንት አንዴ
- ሣጥን 5 በ2 ሳምንት አንዴ

አዲስ ካርድ ሣጥን 1 ውስጥ ይገባል። ካስታወሳችሁት ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከረሳችሁት፣ ሣጥን 5 ውስጥም ቢሆን፣ ወደ ሣጥን 1 ይመለሳል። ርህራሄ የለም። አንኪ ይህን ስሌት ራሱ ያደርግላችኋል።

ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ፍቺውን፣ ስሜቱን፣ አንድ ጎረቤት። ከዚያ ገልብጡና አረጋግጡ። የሚያስይዘው ቃሉን ከጭንቅላት ለማውጣት የምትታገሉት ትግል ነው። ጀርባውን ደጋግሞ ማንበብ «አወቅኩት» የሚል ስሜት ይሰጣል እንጂ ፈተና ላይ አይገኝም። ማራራቁም ለዚሁ ነው፦ ሊጠፋ ሲል ስትመልሱት የበለጠ ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ሦስት ቀን ዘላችሁ ክለሳ ከተከመረ አዲስ ቃል አቁሙ። ክምሩ እስኪያልቅ ሌላ ካርድ አይጨመርም። ሰው ጥናቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ 200 ካርድ ሲጠብቀው ያይና ስልኩን ይዘጋዋል።

ደረጃ 5፦ የምታውቁትን ቀላል ቃል እንደገና እዩት

ይህን የሚዘልለው ብዙ ነው፣ ያሳዝናል። ፈተናው በብርቅ ቃል ብቻ አያጠምድም። «ቼክ» ማረጋገጥ ብቻ አይደለም፣ መግታትም ነው። «ኖቭል» ልቦለድ ብቻ ሳይሆን አዲስ፣ ያልተለመደ ማለትም ነው። «ቻምፒየን» ግሥ ሲሆን ለአንድ ሐሳብ መሟገት ነው። «ሜንቴይን» መጠበቅና መጠገን ይሆናል፣ በክርክር ጽሑፍ ውስጥ ግን «እንዲህ ነው» ብሎ መከራከር ነው። «ኳሊፋይ» አንድን አባባል ገደብ አበጅቶ ማለዘብ ይሆናል። «ሪዘርቬሽን» ጥርጣሬ ይሆናል።

ለእነዚህ ለየብቻ ካርድ ሥሩ፤ ሁለተኛውን ፍቺ ብቻ የሚይዝ። ምርጫዎቹ ውስጥ የመጀመሪያው፣ የምታውቁት ፍቺ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገኛል። ወጥመዱ እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ሥሮችን ተጠቀሙ፣ ግን አትመኑባቸው

30 ያህል የላቲንና የግሪክ ሥሮችና ፕሪፊክሶች (ከቃል ፊት የሚለጠፉ ቅጥያዎች) ብትይዙ ይበቃል። «ቤኔ» ጥሩ፣ «ማል» መጥፎ፣ «ቮል» ፈቃድ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ «ቤኔቮለንት» በጎ የሚመኝ፣ «ማሌቮለንት» ክፉ የሚመኝ ሆነው ይወጣሉ። «ሉክ» ብርሃን ነው፤ «ሉሲድ» ግልጽ፣ «ኤሉሲዴት» ማብራራት። ሥር ጥቅሙ ቃሉን ማስታወሻ ማንጠልጠያ መስጠቱ ነው።

ፍቺን በሥር ብቻ መገመት ግን አደጋ አለው። «ኢንቫሉዌብል» ዋጋ ቢስ አይደለም፣ ዋጋው የማይተመን ማለት ነው። «ኢንፍላመብል» በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። «ዲስኢንተረስትድ» በጥንቃቄ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የማያዳላ፣ ጥቅም የሌለበት ማለት ነው። ሥሩ የጠቆማችሁን ሁልጊዜ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አስተያዩት።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ 15 ደቂቃ አንብቡ

ጽሑፉ ከ100 ቃል ከ5 በላይ የማታውቁት ቃል ካለበት ከብዷችኋል፤ ቀለል ያለ ፈልጉ። የማይታወቀው ሲበዛ ከአገባቡ ለመገመት የሚያስችል በቂ ፍንጭ አይቀርም። የሳይንስ፣ የታሪክ፣ የሥነ ጥበብና የማኅበራዊ ጉዳይ አጫጭር ጽሑፎችን አፈራርቁ፤ ፈተናዎችም የሚቀዱት ከእነዚህ ነው።

አዲስ ቃል ሲያጋጥም ወዲያው መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። አስምሩበት፣ ገምቱ፣ ግምታችሁን ከዳር ጻፉ፣ ቀጥሉ። አንቀጹ ሲያልቅ አረጋግጡ። መገመት ፈተናው ራሱ የሚለካው ችሎታ ስለሆነ በየቀኑ ካልተለማመዳችሁት በዚያ ቀን ከየት ይመጣል? ፍንጭ የሚሰጡ ቃላትንም ለዩ። «ሃውኤቨር» እና «ኦልዞው» ሐሳቡ እንደሚዞር ይናገራሉ። «ሞርኦቨር» በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከኋላው ማብራሪያ አለ።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡት

ዓረፍተ ነገሩ ቃሉን የሚያስረዳ ይሁን። «ላኮኒክ» ለሚለው «አጎቴ ላኮኒክ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አልተባለም፤ ላኮኒክ ረጅምም፣ ደግም፣ ጎበዝም ሊሆን ይችላል። «ላኮኒክ ስለሆነ ለአራት ገጽ ደብዳቤ የመለሰው ‹እሺ› ብሎ ብቻ ነው» ቢባል ግን ፍቺው እዚያው አለ፦ በጥቂት ቃል የሚናገር። መፈተኛው ቀላል ነው። ቃሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። ሌላ ሰው ከቀረው ዓረፍተ ነገር ፍቺውን መገመት ከቻለ ሠርታችኋል።

ደረጃ 9፦ ጥያቄ ስትሠሩ ምርጫዎቹን ሸፍኑ

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን 10፣ 10 ጥያቄ ሥሩ። አሠራሩን በምሳሌ እንየው።

«ውጤቱ ከጥቂት ናሙናዎች ብቻ የተገኘ በመሆኑ ተመራማሪዋ ድምዳሜዋ ____ መሆኑን ገልጻለች፤ ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ሊቀየር እንደሚችልም አክላለች።»

ምርጫዎቹን ሳታዩ ባዶ ቦታውን በራሳችሁ ቃል ሙሉ። አማርኛም ይሁን። «ጊዜያዊ»፣ «ያልተረጋገጠ» ትላላችሁ። ፍንጩ የቱ ነው? «ሊቀየር እንደሚችልም» የሚለው። አሁን ምርጫዎቹን ግለጡ፦ «ኮንክሉሲቭ»፣ «ቴንታቲቭ»፣ «ትሪቪያል»፣ «ኦብስኪዩር»። ኮንክሉሲቭ የመጨረሻና የማያወላዳ ነው፣ በቀጥታ ተቃራኒው። ትሪቪያል ኢምንት ነው፤ ድምዳሜው ረብ የለሽ ነው አልተባለም። ኦብስኪዩር ግልጽ ያልሆነ ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ግልጽ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚያስት ይሄ ነው፣ ግን ጽሑፉ ስለ ግልጽነት ምንም አላለም። ቴንታቲቭ ይቀራል።

ምርጫውን መጀመሪያ ካያችሁ አራቱም በየተራ የሚሆኑ ይመስላሉ። የመሸፈን ጥቅሙ ይሄ ነው።

የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ደብተር ላይ ስትጽፉ መልሱን ብቻ አትጻፉ። የተሳሳታችሁበትን ምክንያት ጻፉ፦ ቃሉን አላውቀውም ነበር፣ ስሜቱን ገለበጥኩት፣ ፍንጩን አለፍኩት፣ ሁለተኛ ፍቺውን አላሰብኩም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዱ ምክንያት እየተደጋገመ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ሰዓት ያዙ። ኤስኤቲ የንባብና ጽሑፍ አንዱ ክፍል 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። የቃላት ጥያቄዎቹ ከክፍሉ መጀመሪያ ላይ ስለሚመጡ እነሱን ቶሎ መጨረስ ለረጃጅሞቹ ጊዜ ያተርፋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

በአማርኛ ፊደል መጻፍ። «ኢሊሲት» ብላችሁ ብትጽፉ የቱ ነው? አንዱ ምላሽ ወይም ስሜት ማውጣት ነው፣ ሌላው ሕገወጥ። በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ይለያያል፣ በእኛ ፊደል ግን አንድ ናቸው። «ዲስክሪት» የሚባሉትም እንዲሁ፤ አንዱ ምስጢር ጠባቂ፣ ሌላው የተነጣጠለ። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች አንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

በፊደል ተራ ማጥናት። «ኤ»ን ጨርሶ «ቢ» የሚገባ ሰው ተመሳሳይ መልክ ያላቸውን ቃላት በአንድ ቀን ያግበሰብስና እርስ በርስ ይምታቱበታል። ቀላቅሉ።

ተቃራኒዎችን በአንድ ቀን መጀመር። ዛሬ አንዱን፣ በደንብ ሲያዝ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን።

ያጠኑትን ሁሉ ድርሰት ውስጥ መወርወር። ጎረቤቶቹን ሳታውቁ ያስገባችሁት ከባድ ቃል ጽሑፉን ያበላሻል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቀላሉ ይሻላል።

አነባበቡን መተው። መዝገበ ቃላቱ ላይ የድምፅ ምልክቱን ነክታችሁ አንዴ ስሙት። በጆሮ የገባ ቃል በዓይን ሲታይ ቶሎ ይታወቃል።

ደረጃ 10፦ የመጨረሻው ሳምንትና የፈተናው ቀን

አዲስ ካርድ የለም። ሣጥን 1 እና 2 ውስጥ የቀሩትን ከልሱ፣ የስህተት ደብተሩን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፣ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ዋዜማውን ተኙ።

ፈተናው ላይ የማታውቁት ቃል መምጣቱ አይቀርም። ከአራቱ ምርጫ አንዱን ባታውቁት በጭፍን አትጣሉት፣ በጭፍንም አትምረጡት። መጀመሪያ ሦስቱን የምታውቋቸውን ከባዶ ቦታው ጋር ሞክሩ። ሦስቱም በግልጽ ካልሄዱ መልሱ የማታውቁት ቃል ነው፣ ምልክት አድርጉና እለፉ። ኤስኤቲ ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የእናንተ ፈተና ለስህተት የሚቀንስ ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት ምርጫ ሳታስወጡ አትገምቱ፤ ደንቡንም ከፈተናው ቀን በፊት መመሪያው ላይ አንብቡት።